ትልቁን የቤት ፕላን ለትንሽ ቤት ስለ ማድረግ

በዛሬ ጊዜ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው የሚቸገረው ፕላን በማጣት አይደለም፤ ፕላንስ ሞልቷል። አንዱ ከዘመዱ ይዋሳል፥ ሌላው ከነዳፊ ይገዛል፥ ሌላውም በባሕር ማዶ ካለ ወዳጁ ይላክለታል። የሚያስቸግረው፥ የተገኘው ፕላን ሁሉ ከቦታውም ከገንዘቡም በላይ መሆኑ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ አዋጅ ቁጥር 47 አንድ ቤተ ሰብ ለመኖሪያው እስከ 500 ካሬ ሜትር እንዲይዝ ይፈቅድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከተሞቻችን እየሞሉ ሲሄዱ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ቦታ እየጠበበ መጣ፥ የሰው ምኞትና የነዳፊው ወረቀት ግን ከቦታው ጋራ አብረው አልጠበቡም።

እኛም በደብረ ብርሃን ከተማ 10 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ ቦታ አለን። ፕላኑን የሰጡን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በአዳማ ሊሠሩት አስነድፈው ኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው የተዉት ነው። ለነዳፊ የሚከፈለው ገንዘብ ይቅርላችሁ ብለው በፍቅር ሰጡን፥ እኛም በምስጋና ተቀበልን። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ምድር ቤቱም ፎቁም እያንዳንዳቸው 13 ሜትር በ11 ሜትር ናቸው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 286 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ ያለው ቤት የጠበበው ጎኑ እንኳ የእኛን ቦታ ወርድ በ1 ሜትር ይበልጠዋል። ስጦታን መመለስ ነውር ነው፤ እንዳለ መሥራትም አይቻልም።

ኮምፒዩተር የሚያውቅ አንድ የዘመድ ልጅ «ይህማ ቀላል ነው፥ ልኩን ሁሉ በ0.7 ማባዛት ነው» አለና ባንድ ደቂቃ አሳነሰልን። ስፋቱ በእውነት በግማሽ ቀነሰ፥ ሥዕሉም ያው እንደ ቀድሞው ያማረ ነበር። ልኩ ሲነበብ ግን 90 ሴንቲ ሜትር የነበረው በር 63 ሆኗል፤ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ በጎኑ ካልተያዘ በጭንቅ ነው የሚያልፍበት። 1 ሜትር ከ20 የነበረው መተላለፊያ 84 ሴንቲ ሜትር ሆኗል፤ ሁለት ሰዎች ቢገናኙበት አንዱ ወደ ኋላው ይመለሳል። ጣሪያው ከ3 ሜትር ወደ 2 ሜትር ከ10 ዝቅ ብሏል። አልጋው ግን አላነሰም፥ የሚተኛበትም ሰው አላነሰም። ወጪውም ቢሆን እንደ ታሰበው አይቀንስም፤ የወለሉ ስፋት በግማሽ ሲያንስ የግድግዳው ርዝመት የሚያንሰው ከ10 እጅ 3 እጅ ብቻ ነውና። መታጠቢያ ቤትም ቢሰፋ ቢጠብ ቧንቧው፥ መቀመጫውና የእጅ መታጠቢያው ያው አንድ ነው። ሦስት መታጠቢያ ቤቶች ያሉት ፕላን በስንትም ቢባዛ ሦስት መታጠቢያ ቤቶች እንዳሉት ይቀራል።

ይህን ነገር ለማስረዳት ለካህናት አንባቢዎቻችን ብዙ ቃል አያሻም። በላሊበላ ያለው ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ ከ33 ሜትር ይበልጣል፤ በገጠር ያለችው ክብ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሕዝቡ በበዓል ቀን ከግቢዋ ዛፍ ሥር ቆሞ የሚያስቀድስባት ትንሽ ናት። ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስት፥ መቅደስ የተባሉት ክፍሎች ግን ለሁለቱም የተሰጡ ናቸው። ትንሿን የሠሩ አባቶች የትልቁን ልክ ወስደው ሁሉን በእኩል አላጠበቡም። ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይቀደስምና፥ መቅደሱ ምንም ቢጠብ እነዚያ አምስቱ መንበሩን ዞረው እንዲያገለግሉ ይበቃ ዘንድ ግድ ነው። ልኩ የተነሣው ከውስጥ፥ ከሚያገለግሉት ሰዎች ነው። ባለሙያዎቹም ቢሆኑ ይህንኑ በሌላ ቃል ይናገሩታል፤ እኔ ግን ከትምህርታቸው ይልቅ ይህ ምሳሌ ቶሎ ይገባኛል።

ስለዚህ ፕላኑን አጥፈን አስቀመጥንና በባዶ ወረቀት ላይ በቤቱ የሚኖሩትን ጻፍን። እኔ፥ ባለቤቴ፥ ሦስቱ ልጆቻችንና እናቴ ስድስት ነን። ቀጥለንም እያንዳንዱ የት እንደሚተኛ፥ በማለዳ ማን ቀድሞ እንደሚነሣ፥ እንጀራ በየስንት ቀኑ እንደሚጋገር ጻፍን። ከዚያ በኋላ ትልቁን ፕላን እንደገና ዘርግተን ስድስቱን ሰዎች በየክፍሉ ስናስቀምጥ አምስቱ ቦታቸውን አገኙ፥ እናቴ ግን አጣች። መኝታ ቤቶቹ ሁሉ በፎቅ ናቸው፤ ወደዚያ የሚያደርሰው ደረጃ 18 እርከን አለው፥ እርሷም ከጉልበቷ ሕመም የተነሣ ደጀ ሰላሙን እንኳ በምርኩዝ ነው የምትወጣው። በምድር ቤቱ 42 ካሬ ሜትር የሆነ ሳሎን፥ የምግብ ክፍል፥ ማዕድ ቤትና የእንግዳ ሽንት ቤት አለ። መኝታ ያለው ከግቢው ጀርባ፥ በሰርቪስ ቤቶቹ ብቻ ነው።

ይህን ያስተዋለች ባለቤቴ ናት። «286 ካሬ ሜትር ቤት ሠርተን እማማን በጓሮ ልናስተኛቸው ነውን?» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ፎቁ የተናገረ የለም።

እዚህ ላይ ግን ትክክለኛ ክርክር አለ፥ አንድ መሐንዲስ ወዳጄም አቅርቦልኛል። የደብረ ብርሃን አፈር በብዙ ስፍራ በክረምት የሚያብጥ፥ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ስለ ሆነ መሠረቱ ጠልቆ መቆፈር አለበት፤ ለመሠረት ይህን ያህል ከተደከመ በኋላ በላዩ አንድ ቤት ብቻ ከማስቀመጥ ሁለት መደረብ ይሻላል፥ ጣሪያውም አንድ ይበቃል ይላል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ደረጃ ከላይም ከታችም ቦታ ይበላል። 3 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 18 እርከን ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ ታጥፎ እንዲወጣ ቢደረግ 7 ካሬ ሜትር ያህል ከታች፥ 7 ያህል ደግሞ ከላይ ይወስዳል። ለትልቁ ቤት ይህ ምንም አይደለም፤ እኛ ልንሠራ ከምንችለው 77 ካሬ ሜትር ላይ ግን ከአንድ መኝታ ቤት በላይ ነው፥ በዚያም ላይ ሶሌታው አለ። ስለዚህ በቁጥሩም በእናቴም ነገር አንድ ምድር ቤት እንዲሆን ተቆረጠ።

ከዚህ በኋላ ያከራከረን ሳሎኑ ነው። ባለቤቴ የሚካኤል ማኅበር አላት፤ ሳሎኑ ሲጠብ ማኅበርተኞቿን የት እንደምታስተናግድ ጠየቀችኝ። ማኅበርተኞቹ 12 ናቸው፥ ዙሩም በየወሩ ነው፤ እንግዲህ ማኅበሩ ወደ ቤታችን የሚመጣው በዓመት አንድ ቀን ነው። ለአንዱ ቀን ሲባል በ364ቱ ቀን የሚጠረግ፥ የሚወለወልና የሚቀዘቅዝ አዳራሽ መሥራት ከበደን። ለሠርግና ለሐዘን ደግሞ ዕድሩ ድንኳን፥ ወንበርና ድስት አለው፤ ድንኳኑ የሚጠይቀው ግቢ ነው። ስለዚህ ከሳሎኑ ላይ ወስደን ለግቢው ሰጠን። ሳሎኑ 4 ሜትር ተኩል በ4 ሜትር ሆነ፤ በሁለት ጎኑም እንደ ጥንቱ ቤት መደብ ተሠርቶለት ብዙ ሰው ያለ ትልልቅ ወንበር እንዲቀመጥበት ታሰበ። አንድ ትልቅ ባለ መደገፊያ ወንበር የሚይዘውን ቦታ በመደብ ላይ ሁለት ሰዎች ይቀመጡበታል። እንግዳ በማክበር ስሟ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በ4ኛው ምዕራፍ የተነገረላት ሱነማዊት ሴትም ለነቢዩ ለኤልሳዕ ያዘጋጀችው አንዲት ትንሽ እልፍኝ፥ በውስጧም አልጋ፥ ጠረጴዛ፥ ወንበርና መቅረዝ ነበር። ባለጠጋ ሆና ሳለ ከዚያ በላይ ማድረግ አቅቷት አይመስለኝም።

አየሩንም መርሳት አይገባም። ፕላኑ የተነደፈው ለአዳማ ሙቀት ነው፤ በረንዳው ሰፊ፥ መስኮቱ ሁሉ ነፋስ እንዲያገባ የተደረገ ነው። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፥ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ የሚወርድባት ናት። በእነዚያ ወራት ፀሓይ ወደ ደቡብ ታጋድላለችና ትልልቆቹን መስኮቶች በደቡብ አደረግናቸው፥ በሰሜን በኩል ያሉትንም አሳነስን። በረንዳው ከነጭራሹ ቀረ፤ ጥላ ፈልጎ የሚወጣበት ሰው በከተማችን እምብዛም የለም።

የቀረው ነገር የግንበኛ ጉዳይ ስለ ሆነ ባጭሩ አልፈዋለሁ። ትልቁ ፕላን ከውጭ 14 ማዕዘን ነበረው፥ አዲሱ አራት ብቻ ነው፤ 8 ሜትር በ9 ሜትር ከ60። ማዕዘን በበዛ ቁጥር የጣሪያው መገናኛ ይበዛል፥ ውሃ የሚያስገባውም መገናኛው ነው። መታጠቢያ ቤቱ አንድ ሆኖ ከማዕድ ቤቱ ጋራ ግድግዳ ስለሚጋራ ቧንቧው ሁሉ በአንድ ግድግዳ ውስጥ ያልፋል። የብሎኬት ርዝመት 40 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ፥ ተሰብሮ የሚጣለው እንዳይበዛ የበሩና የመስኮቱ ቦታ በእርሱ ልክ ተሰላ። ግድግዳን በእርሳስ ማዛወር ቀላል ነው፤ ዐምድና መሠረት ግን ያለ መሐንዲስ አይነካም። የሕንፃ ሕጉም ያለ ፈቃድ መሥራትን ስለሚከለክል፥ ያሻሻልነውን ፕላን እንደ አዲስ አስነድፈን ለፈቃድ አቅርበናል። ዋጋውን በብር ያልጻፍኩት፥ የሲሚንቶና የብረት ነገር ይህ ጽሑፍ ታትሞ እስኪወጣ ድረስ እንኳ ባንድ ስለማይቆይ ነው።

ብዙ ሰዎች «አሁን ምድር ቤቱን ሥራ፥ ለፎቁ የሚሆን ብረት ግን አስቀርተህ አቁም» ብለው መክረውኛል። ምክሩ ለአንዳንዱ ይጠቅም ይሆናል። በየከተማችን ግን ከጣሪያው በላይ ወደ ሰማይ የቆመውን የዛገ ፌሮ የማያይ ሰው የለም፤ ልጅ ሆኜ ያየሁት አንዱ እስከ ዛሬ ቆሟል፥ ያቆመው ሰው ግን ዐርፏል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ግንብ ሊሠራ ወዶ አስቀድሞ ኪሣራውን ስላላሰበው ሰው የተናገረውን ምሳሌ ሳነብ እነዚያ ብረቶች በዓይኔ ይመጣሉ። እኛ ልጆቹ ሲያድጉ አንድ ክፍል የሚጨመርበት 4 ሜትር ቦታ ከጀርባ ትተናል፥ ለፎቁ ግን ምንም አላስቀረንም።

የጎደለብንም አለ፤ አልሸሽገውም። በትልቁ ፕላን ላይ ለመጻሕፍት የሚሆን አንድ ክፍል ነበረ፥ እኔም ገና ወረቀቱን ስቀበል ዓይኔ ያረፈው በእርሱ ላይ ነበር። አሁን መጻሕፍቱ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ በመደርደሪያ ይሆናሉ፤ እኔም ልጆቹ ከተኙ በኋላ በምግቡ ጠረጴዛ እጽፋለሁ። ሦስቱ ልጆች በአንድ ክፍል በተደራራቢ አልጋ ይተኛሉ፤ ታላቂቱ ስታድግ በመጋረጃ መለየት ይኖርብናል። ይህ ደስ አላሰኛትም፥ ልክም ናት።

ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ለባለቤቴ ወንድም መንገሩ ነበር። ባለፈው ዓመት ለጥምቀት መጥተው ሳለ አዲሱን ወረቀት ከአሮጌው አጠገብ ዘርግቼ አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩና «ከእኔ ፕላን ታዲያ ምን ቀረ?» አሉኝ። «ጋሼ፥ ይህችን ይመልከቱ» ብዬ ማዕድ ቤቱን አሳየኋቸው። በእሳቸው ፕላን ላይ ማዕድ ቤቱ በአንድ በኩል ከምግቡ ጠረጴዛ፥ በሌላ በኩል ከግቢው ጋራ በር ነበረው፤ በመካከሉም ወጥ የምትሠራው ሴት ሳትነሣ የግቢውን መዝጊያና የሚጫወቱትን ልጆች የምታይበት መስኮት ነበር። ያንን አንዲት መስመር ሳናጓድል ወስደነዋል። ከትልቅ ፕላን ወደ ትንሽ ቤት ሊሻገር የሚችለው የክፍሎቹ ጉርብትና ነው፥ ስፋቱ አይሻገርም። እሳቸውም መስኮቷን በጣታቸው እየነኩ «ይህችን ያስጨመርኳት እኔ ነኝ፥ ነዳፊው አላሰባትም ነበር» አሉ፤ ከዚያም ቡና እንዲፈላ አዘዙ።

መስቀል ካለፈ በኋላ መሬቱ ሲጠነክር ነዳፊው መጥቶ ችካል ተከለ፥ ገመድም ዘረጋ። እናቴ በምርኩዟ በገመዶቹ መካከል እያለፈች ክፍሎቹን አንድ በአንድ ጠየቀች፤ የእርሷ 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነችው፥ ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ያለችው ናት። በመካከሏ ቆማ ራስጌዋ በየት በኩል እንደሚሆን ጠየቀች፥ አሳየናት። «ልጄ፥ የኪዳኑ ደወል ታዲያ በየት በኩል ይሰማኛል?» አለች። መስኮቷ ወደ ደቡብ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ በምሥራቅ ነው። ነዳፊው እርሳሱን አውጥቶ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ መስኮት ጨመረ፤ በዚያ ሊቆም የነበረው ቁም ሣጥንም ወደ በሩ ጀርባ ተዛወረ።