ኮክ በጾመ ፍልሰታ

በወንጪ ተራራ ክረምቱ ከሌላው አገር ቀድሞ የሚገባ፣ ዘግይቶም የሚወጣ ይመስለኛል። ከአምቦ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ተጉዞ ከአፋፉ ላይ የደረሰ ሰው፣ ጊዜው በጋ ከሆነ ሐይቁን፣ በሐይቁም ውስጥ የቂርቆስ ገዳም ያለበትን ደሴት ቁልቁል ይመለከታል፤ በነሐሴ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያየው ጉም ብቻ ነው። የእናቴ ቤት በዚሁ አፋፍ አጠገብ ነው። ከቤቱ በስተ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱም ዳር አንድ የኮክ ዛፍ አለ። ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚህ ዛፍና ባለፈው ክረምት ከፍሬው ስለ ጋገርሁት ምግብ ነው። ነገሩ የማጀት ነገር ነው ብላችሁ እንዳትንቁብኝ የተከበራችሁ አንባብያንን እለምናለሁ።

ዛፉን የተከለው አባቴ ነው። ችግኝ ገዝቶ አይደለም፤ በልቶ የጣለው ፍሬ በቀለ እንጂ። ባላገሩ ኮክን ከጥንት ጀምሮ የሚያራባው በዚሁ መንገድ በመሆኑ የአንዱ ግቢ ኮክ ከሌላው ግቢ ኮክ በመልክም በጣዕምም ይለያያል። የእኛው ትንሽ፣ ጠጉራም፣ አንድ ጉንጩ ብቻ የቀላ፣ ሥጋው ነጭ ሆኖ ከድንጋዩ በቀላሉ የማይላቀቅ ነው። የተክሉ ጥንተ አገር ቻይና መሆኑን፣ አውሮፓውያን ግን በፋርስ በኩል ስለ ደረሳቸው የፋርስ ፍሬ ይሉት እንደ ነበር ሊቃውንት ይናገራሉ። «ኮክ» የምንለው ስሙም ከዐረብኛው «ኾኽ» ጋር አንድ ነው። ጎረቤቶቻችን በኦሮምኛ «ኮኪ» ይሉታል። የእናቴ ቤት ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ ፍሬው በብርዱ ምክንያት ይዘገያል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች በሐምሌ 19 አካባቢ ይወድቃሉ፣ የቀረው በነሐሴ ይበስላል። ስለዚህ በቤታችን ኮክና ጾመ ፍልሰታ ሁልጊዜ አብረው ይገባሉ።

አባቴ ባለፈው ዓመት በየካቲት አረፈ። በሕይወት ሳለ አንድ ልማድ ነበረው፤ ይኸውም በሱባኤው ቀናት ከቅዳሴ ሲመለስ ከዛፉ ሥር ቆሞ የበሰለውን ይለቅምና በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ገብቶ በእናቴ ፊት ይዘረግፈዋል። ምንም አይናገርም፤ እሷም አታመሰግነውም። እርሱ ከሞተ በኋላ በመጣው ክረምት እናቴ ወደ ዛፉ አልሄደችም፤ ማንም እንዲለቅም አላዘዘችም። ፍሬው እየረገፈ በጎች ይበሉት ጀመር።

ይህ ብቻ ቢሆን ባላሳሰበኝ ነበር። እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ጥርሶቿ አልቀዋል፤ ከተዝካሩ በኋላ ደግሞ ምግብ እየተወች ሰውነቷ መነመነ። የንስሐ አባታችን ሕመሟንና እድሜዋን አይተው በጾሙ ወራት እንኳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳትቆይ፣ ቀደም ብላ ጥቂት እንድትቀምስ ነግረዋት ነበር። «እሺ አባቴ» ብላ መስቀላቸውን ተሳለመች፤ እንደ ቀድሞውም ቀጠለች። እኔም አምቦ የሚገኘውን ቤቴን ለባለቤቴ ትቼ ሱባኤውን ከእሷ ጋር ለማሳለፍ በሐምሌ 30 ወደ ወንጪ ወጣሁ። በልቤ ያሰብሁት አንድ ነገር ነበር፤ ለስላሳ ምግብ ሠርቼ አበላታለሁ ብዬ።

ምግቡን ያስተማረችኝ በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ የምትኖረው ልጄ ናት። በዚያ አገር በበጋ ወራት ኮክ ሲበዛ እየከተፉ በስኳር ያበስሉና በላዩ ሊጥ በማንኪያ እየጣሉ ይጋግሩታል፤ «ኮብለር» ይሉታል። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጫማ ሰፊ ማለትም ስለ ሆነ ልጄ ስትነግረኝ ሁለታችንም ስቀናል። ስሙ ከየት እንደ መጣ ብዙ ይባላል፤ ሊጡ ተጋግሮ ሲያብጥ በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ስለሚመስል ነው የሚሉ አሉ። ምግቡ የድኾችና የመንገደኞች ነበር። ወደ ምዕራብ ይፈልሱ የነበሩ ሰዎች የዳቦ ምድጃ ስላልነበራቸው ፍሬውንና ሊጡን በብረት ድስት አድርገው፣ ከሥሩ ፍም፣ ከክዳኑም ላይ ፍም አድርገው ያበስሉት ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1839 ዓ.ም. ሌቲስ ብራያን የተባለች ሴት ባሳተመችው የኬንታኪ ባልትና መጽሐፍ ውስጥ ለዚህ ምግብ የሚመረጠው ሥጋው ከድንጋዩ የማይላቀቀው ኮክ መሆኑ ተጽፏል። እንደ እኛው ያለው ማለት ነው።

ከላይም ከታችም እሳት! ይህን ከልጄ ስሰማ «ይህማ ድፎ ነው» አልኋት። እኛስ ዳቦውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለን፣ በላዩ ሌላ ምጣድ ደፍተን፣ ፍም የምንከምርበት ምን ብለን ነው? እሷ ግን በኤሌክትሪክ ምድጃ መጋገር ለምዳለችና እንዲህ ያለውን ነገር ረስታው ነበር።

በሐምሌ፣ የሐዋርያት ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ከገበያ ኮክ ገዝቼ በአምቦ ቤቴ ሁለት ጊዜ ሞከርሁት። እንደ ልጄ አነጋገር በቅቤ ሠራሁት፤ ቤተ ሰቡም ወደደው። ጥፋቱ የመጣው ከዚህ ነው። እጄ ሥራውን በፍስክ ተምሮ ነበር።

ነሐሴ 2 ቀን እናቴ ተኝታ ሳለች ከዛፉ ሥር አንድ ቁና ያህል ለቀምሁና ማጀት ገባሁ። ኮኩን ላጥሁ፣ ከተፍሁ፣ ዱቄቱን ነፋሁ፤ ከዚያም ለበዓል ተብሎ በቅል ከተቀመጠው ቅቤ አንድ ጭልፋ አውጥቼ በድስት አቀለጥሁ። እንዴት እንዳላስተዋልሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ያን ዕለት ጠዋት ውዳሴ ማርያም ደግሜያለሁ፤ ጾም መሆኑን አልረሳሁም፤ እጄ ብቻ ረሳ። ድስቱ በፍሙ መካከል ሆኖ መሽተት በጀመረ ጊዜ ከመኝታ ቤት ድምፅ ሰማሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ኮክ ነው፣ እማዬ።»

«ኮክ ቅቤ ቅቤ አይሸትም።»

በቆምሁበት ደረቅሁ። እናቴ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በቀለለኝ ነበር። «ለሕፃናቱ ስጪያቸው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሰባት ዓመት ያልሞላቸው የጎረቤት ልጆች ተጠርተው ድስቱን አንድም ሳያስቀሩ ጨረሱት፤ «አኮ ነገም ትጋግሪልናለሽ?» ብለው እናቴን በመስኮት ጠየቋት። አልመለሰችላቸውም። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ከእጄ በሶ እንኳ አልተቀበለችም፤ የምትጠጣውን ውሃ ራሷ እየተነሣች ቀዳች። እሷን ላበላ መጥቼ ጭራሽ እንዳትበላ ማድረጌን ባሰብሁ ጊዜ ወደ አምቦ ልመለስ ቃጣኝ። ለንስሐ አባታችን ተናገርሁ፤ ስለ ቅቤው ብዙ አላሉኝም፤ «ከእሷ ጋር ቆዪ» ብለው አሰናበቱኝ።

እንግዲህ ምግቡን ጾም ማድረግ ነበረብኝ። ለልጄ ስደውልላት ያለ ቅቤና ያለ ወተት አይሆንም አለች፤ እኔ ግን ይሆናል ብዬ ተነሣሁ፤ አሠራሩን በባለሙያ እናቶች ፊት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

የበሰለ ኮክ ሁለት ኪሎ ያህል ይወሰዳል። በፈላ ውሃ ጥቂት ነክረው ቢያወጡት ልጣጩ በቀላሉ ይላጣል፤ በወንጪ ከፍታ ግን ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለ ሆነ ከቆላው ይልቅ ትንሽ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ፍሬውም እስኪበስል እንዲሁ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሥጋውን ከድንጋዩ ዙሪያ በቢላዋ እየቆረጡ ያነሡታል። ድንጋዩን ልጆች ሰብረው ውስጡን እንዳይበሉ ይጠንቀቁ፤ መራራ ነው፣ መርዝም አለበት። የተከተፈውን በሦስት ሲኒ ማር፣ በአንድ ሎሚ ጭማቂና በጥቂት ቀረፋ አድርጎ መረቁ እስኪወፍር ማንተክተክ ነው። ስኳርም ይሆናል፤ እኛ ግን ማር ነበረን።

ሊጡን በተመለከተ፣ ሦስት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨው፣ ግማሽ ብርጭቆ የኑግ ዘይት። ልጄ ቤኪንግ ፓውደር ሁለት ማንኪያ ብላኝ ነበር፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ሊጥ ፈጥኖ ይነፋና ተመልሶ ይሟሽሻል፣ አንዱ ይበቃል። በወተቱ ፈንታ የአምቦ ውሃ አደረግሁ። ውሃው ከምድር ሲወጣ ጀምሮ አየር የያዘ ነውና ሊጡን ያቀልለዋል፤ ነገር ግን ጠርሙሱ የሚከፈተው ድስቱ ከተሰናዳ በኋላ መሆን አለበት፤ ብዙ ካማሰሉትና ካቆዩት አየሩ ይወጣል፣ ሊጡም ከባድ ይሆናል። ድስቱን በኮባ ቅጠል አልብሼ፣ ትኩሱን ኮክ ገልብጬ፣ ሊጡን በላዩ በማንኪያ እየቆነጠርሁ ጣልሁበት። ከላይ በቅጠል ሸፍኜ ክዳኑን ገጠምሁ፤ ከታች ጥቂት፣ ከላይ በርከት ያለ ፍም አደረግሁ። ከታች ከበዛ ማሩ ያራል። ለአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ጠበቅሁት።

የጋገርሁት ነሐሴ 12 ቀን፣ ለቡሄ ዋዜማ ሙልሙል በምንጋግርበት እሳት ነው። ዝናቡ ያለ ማቋረጥ ይወርዳል፤ የልጆቹ የጅራፍ ድምፅ በጉሙ ውስጥ ይሰማል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በጭልፋ አውጥቼ በሳህን ይዤላት ገባሁ። ቅጠሉ ለሊጡ ጠርዝ ያንን የድፎ መዓዛ ሰጥቶት ነበር።

እናቴ ሳህኑን አየችው እንጂ አልነካችውም።

«ድስቱ ያው ነው?»

«አይደለም፣ እማዬ። ያኛውን በአመድ አጥቤ ለፋሲካ አስቀምጬዋለሁ። ይህ ከጎረቤት የመጣ ነው፣ የሽሮ ነው።»

«ዘይቱስ?»

«ኑግ ነው።»

ጸልያ አማተበችና አንድ ማንኪያ ወሰደች። በድዷ ይዛ ቆየች። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ወሰደች። እኔ እያየኋት እንዳይመስላት ሙልሙል እቆጥር ነበር፤ አሥራ አራት የነበረውን ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት።

«ኮኩን ማን ለቀመው?» አለች በመጨረሻ።

«እኔ።»

«ከታች ከታቹን ነው የለቀምሽው። አባትሽ የሚለቅመው ከላይ ያለውን ነበር። ፀሐይ የሚያገኘው እሱ ነው፣ የሚጣፍጠውም እሱ ነው። መሰላሉ ከበረቱ ጀርባ አለ።»

ከየካቲት ወዲህ አባቴን በአፏ ስታነሣ የሰማሁት ያን ዕለት ነበር። ሳህኑን አልጨረሰችም፤ ከግማሹ ግን አልፋለች። ቡሄ ሊጨፍሩ ለሚመጡት ልጆች ከሙልሙሉ ጋር ጥቂት ጥቂት እንድሰጣቸው አዘዘችኝ። በማግሥቱ ዝናቡ ጋብ ሲል በትሯን ይዛ እስከ ዛፉ ወጣች፤ እኔ ከመሰላሉ ላይ ሆኜ፣ እሷ ከታች ሆና «ያቺን! ያቺኛዋን አይደለም፣ ከጎኗ ያለችውን!» እያለች ለቀምን። ግንዱ ሙጫ ያወጣ ጀምሯል። የኮክ ዛፍ እድሜው አጭር ነው፤ ይህም የሚቆየው ብዙ እንዳልሆነ ሁለታችንም አይተናል፤ አልተነጋገርንበትም። ከዚያ ወዲያ ግን ከሳህኗ የወጣውን ድንጋይ ሁሉ እያጠበች በመስኮቱ ደፍ ላይ ስትደረድረው አየሁ።

ነሐሴ 16 ጾሙ በተፈታ ጊዜ ልጄ ከሜሪላንድ ደወለች። «አኮ በላችልሽ?» አለችኝ። በዚያን ዕለት የቀረውን ኮክ፣ እሷ እንዳለችው፣ በቅቤ ሠርቼ ነበርና ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። እናቴ ማንኪያዋን ልሳ አስቀመጠችና፣

«የጾሙ ይሻል ነበር» አለቻት።