ከሐምሌ በኋላ የሚያጠጣው ማን ነው?



በሐምሌ ችግኝ መትከል ቀላል ነው። ዝናቡ አፈሩን አለስልሶታል፤ ሰው ይሰበሰባል፤ ፎቶ የሚያነሳም አይጠፋም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት ካስታወቀ ወዲህ፣ በየክረምቱ ወጥቶ መትከል የአገር ልማድ ሆኗል። እኛም የቤቴል አካባቢ የሴል ኅብረት አባላት ባለፈው ክረምት ከአስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ቦታ ላይ 40 ችግኞች ተከልን፤ ወይራ፣ ዝግባና ጥቂት ጽድ። ጸለይን፣ ዘመርን፣ ጭቃችንን አራግፈን ተለያየን።

ጥያቄው የመጣው በኅዳር ነው። ዝናቡ ከቆመ ሰንብቷል፤ የሰፈሩ ውኃ በፈረቃ ነው፤ ፍየል ደግሞ ፈረቃ የላትም። በአንድ የሴል ምሽት ከጸሎቱ በኋላ አንዲት እህት፣ «ለመሆኑ እነዚያን ችግኞች የሚያጠጣው ማን ነው?» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ።

በዚያ ሳምንት ሉቃስ 13፥6-9 ላይ ያለውን የበለስ ምሳሌ ደግሜ አነበብኩት። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ አጣና ትቆረጥ አለ። አትክልተኛው ግን ለዛፏ ማለደላት፤ አንድ ዓመት ጨምሩላት፣ ዙሪያዋን ልኮትኩት፣ ፍግም ላድርግላት አለ። ልብ በሉ፤ ምልጃው ባዶ ቃል አልነበረም፤ የገዛ ጉልበቱን አስይዞ ነው የለመነው። ስለ ሰውም ስለ ከተማም ስንጸልይ ከጸሎታችን ጋር ምን እናስይዛለን? ይህ ጥያቄ ከልቤ አልወጣ አለ።

ስለ ዛፍ እንክብካቤ ሳስብ ከማይረሱኝ ታሪኮች አንዱ ከሩቅ አገር ነው። በዋሽንግተን ከተማ በሕዝብ የዕፀዋት ማዕከል ውስጥ የቦንሳይ ሙዚየም አለ። ቦንሳይ ማለት በሳህን መሰል ዕቃ ውስጥ ተተክሎ፣ ቅርንጫፉም ሥሩም እየተገረዘ በትንሽነቱ የሚያረጅ ዛፍ ነው። አፈሩ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ በበጋ ሳያጠጡት ጥቂት ቀን ቢቆይ ሊሞት ይችላል። እዚያ ካሉት አንዱ ጥድ እንዲህ መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1625 ነው፤ በእኛ አገር አፄ ሱስንዮስ ነግሠው ሳለ ማለት ነው። በጃፓን የያማኪ ቤተሰብ ከትውልድ ትውልድ ሲንከባከበው ኖረ። በ1945 አቶሚክ ቦምብ ሂሮሺማ ላይ ሲወድቅ ዛፉ ከፍንዳታው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነበር፤ ከግንብ አጥር ጀርባ ስለነበር ተረፈ። በ1976 ቤተሰቡ ይህንኑ ዛፍ ቦምቡን ለጣለችው አገር ለአሜሪካ በስጦታ ሰጠ። ዛፉ ከምን እንደተረፈ በሙዚየሙ የታወቀው በ2001 የሰጪው የልጅ ልጆች ሊያዩት መጥተው ሲናገሩ ነው። ዛሬም ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች በእጃቸው፣ ለጋሾች በገንዘባቸው ያኖሩታል። ያ ዛፍ በራሱ አንድ በጋ አይሻገርም፤ ወደ 400 ዓመት ያኖረው በየማለዳው ውኃ ይዞ የመጣ ሰው ነው።

እኛም ሥራውን ተከፋፈልን። ሁለት ሁለት ሆነን ቅዳሜ ማለዳ በጀሪካን ማጠጣት፤ ውኃው እንዳይተን ግንዱ ዙሪያ ደረቅ ሣር መጎዝጎዝ። ውጭ አገር ያለች እህታችን ለጥበቃው በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ላከች። ቦታው ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ጎረቤታችን ነገሩን ሲያዩ፣ «ውኃ በመጣ ቀን ከእኔ ቧንቧ ቅዱ፤ ጥላው ለሁላችንም ነው» አሉን። በኤርምያስ 29፥7 ጌታ ምርኮኞቹን የሚኖሩባትን ከተማ ሰላም እንዲፈልጉ ያዘዛቸው ትዝ አለኝ። የከተማዋ ሰላም የእኛም የእሳቸውም ነው።

ከዚያ አንድ በንግድ የሚተዳደሩ ወንድም የሽቦ አጥሩን ሙሉ ወጪ ልሸፍን አሉ። በአንድ ነገር ግን፦ ስማቸው የተጻፈበት ትልቅ ሰሌዳ እንዲቆም። ክርክር ተነሳ። ግማሹ «ቀኝ እጅህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ተብሎ የለም ወይ?» አለ፤ ግማሹ «ፍየሏ ሰሌዳ አታነብም፤ አጥሩ ይምጣ» አለ። የኅብረቱ መሪ በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ ሰሌዳው ትንሽ ይሁን። ግን በወር አንድ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ጀሪካን ይዘው ይምጡልን» አሏቸው። አጥሩ ታጠረ፣ ትንሿ ሰሌዳም ቆመች። ጋሼ እስከ የካቲት አልመጡም። በመጋቢት አንድ ቅዳሜ መጡ፤ ሱሪያቸውን ሰብስበው ሦስት ችግኝ አጠጡና፣ «ይቺኛዋ ምን ሆና ነው የጠወለገችው?» ብለው ጠየቁ። ገንዘብ የሰጠ ሰው አጥር ይሰጣል፤ ጎንበስ ያለ ሰው ግን የትኛዋ እንደታመመች ያውቃል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ያቺ የጠወለገችው ወይራ ነበረች። ቅጠሏ ረግፎ እንጨት ብቻ ቀርታ ነበር። አንድ ወጣት ነቅሎ ሊጥላት ሲል ጥበቃው፣ «ቆይ ልጄ» አሉና ቅርፊቷን በጥፍራቸው ቧጨር አደረጉ። ከሥሩ አረንጓዴ ታየ። «አልሞተችም። እስከ ክረምት ተዋት።»

በዚያ ምሽት ሴላችን ውስጥ ያቺው እህት እንደገና ጠየቀች፦ «ከመጣ ሁለት ዓመት የሆነው ወንድማችንስ? የእሱን ቅርፊት ማን ነካ አደረገ?» ስሙን አልጠቅስም። በአንድ ወቅት በኅብረታችን መዝሙር የሚመራ፣ ኋላ ሥራ ሲያጣና ትዳሩ ሲናወጥ ቀስ በቀስ የራቀ ወንድም ነው። ስንጠራው ስልክ አያነሳም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በየቅዳሜው ከማጠጣት ስንመለስ አንዳችን እንደውላለን። ስብከት የለም፤ «እንዴት ሰነበትክ?» ብቻ። በአምስተኛው ሳምንት አነሳ። ገና አልመጣም። ግን አሁን ያነሳል።

በግንቦት መጨረሻ ስንቆጥር ከ40ው 27 ቆመዋል። ወይራና ዝግባ ቶሎ አያድጉም፤ ከሥራቸው የሚያርፉት ምናልባት የልጆቻችን ልጆች ናቸው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 3 ጳውሎስ የተከለውም ያጠጣውም ምንም እንዳይደሉ፣ የሚያሳድገው እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል። ይህ ጀሪካኑን እንድንጥል አይደለም፤ ጀሪካኑን ተሸክመን በሰላም እንድንተኛ ነው።

ይህን የምታነብ ሆነህ ጌታን ገና የማታውቀው ከሆነ፣ ወይም ደርቄአለሁ ብለህ ከራቅህ፣ አንድ ነገር ልበልህ፦ በውኃ ማጠጣት ማንም አይድንም፤ መዳን በጸጋ ነው። ነገር ግን ስለ አንተ «አንድ ዓመት ጨምርለት» ብሎ የሚለምን አለ። ኢየሱስ በቃል ብቻ አልማለደም፤ ራሱን ሰጠ። ሌሎች ባያዩትም ከቅርፊትህ ሥር ያለውን አረንጓዴ እርሱ ያየዋል።

ወገኖች፣ በዚህ ሳምንት ከደጃችሁ አጠገብ ካሉት ችግኞች አንዱን ምረጡ። ከራቁትም አንድ ሰው ምረጡ። ለችግኙ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ ለሰውየው አንድ ስልክ። ቅዳሜ ሲደርስ ድገሙት።

ጌታ ሆይ፣ በሐምሌ ያስጀመርከንን በመጋቢትም አጽናን። አሜን።