በዓል ያለው ውሃ

ብዙ ዘመን ውጭ ቆይቶ አዲስ አበባ ለገባ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ ስለ ሕንፃ ነው። «አየሽው? አገሩ ሌላ ሆነ አይደል?» ይሉኛል ዘመዶቼ፣ ከመኪናው መስኮት ፎቁን እያሳዩኝ። እውነታቸውን ነው። የማውቀው ግቢ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቷል፤ በቆሎ የሚዘራበት ሜዳ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። እኔን በሰው አገር ሲናፍቀኝ የኖረው ግን ሕንፃ አልነበረም፤ ውሃ ነበር። አባቴ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በአውቶቡስ አሳፍሮ የሚወስደን የደብረ ዘይት ሐይቆች ነበሩ።

ስለዚህ በኅዳር አጋማሽ አንድ ቀን መኪና ከነሹፌሩና ከነአስጎብኚው ተከራይቼ ብቻዬን ወጣሁ። ዘመዶቼ ቅር አላቸው። ከእነሱ ጋር ብሄድ ግን ቀኑ ሥጋ ቤት ተቀምጦ በመጫወት እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ያም ደስ ይላል፣ ሌላ ቀን ይደርሳል። ያን ቀን በየሐይቁ አፋፍ ቆሜ ያለ ችኮላ ማየት ነበር የፈለግሁት።

ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ፣ በልጅነታችን ደብረ ዘይት የምንላት ከተማ፣ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በልጅነታችን በአቃቂና በዱከም በኩል ከጭነት መኪና ኋላ እየተጎተትን ግማሽ ቀን የሚመስለን ጉዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው የአዳማ የፍጥነት መንገድ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ስድስቱን መስመር ሳይ ደስ አለኝ። ከሁሉ የበለጠ ደስ ያለኝ ግን ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው የአድአ እርሻ ነው። ጤፉ ደርሶ ግማሹ ታጭዷል፤ ነዶው በየማሳው ተከምሯል። ውጭ አገር በውድ እየገዛን የምንበላው ማኛ ጤፍ ስሙ የተጠራው በዚህ ጥቁር አፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬ የቀረበው ቁንጮ የተባለው ምርጥ ዘርም የወጣው እዚሁ ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። በስተደቡብ የዝቋላ ተራራ ብቻውን ቆሟል፤ በኅዳር የጠራ ሰማይ ሥር ጫፉ ሳይቀር ይታያል።

አስጎብኚዬ የቢሾፍቱ ልጅ ነው፤ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ተምሮ፣ እዚያው እንጀራውን ያገኘ ወጣት። ከሁሉ አስቀድሞ ከተማዋ ስሟን ወደወሰደችበት ወደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ወሰደኝ። ባጃጅ ከሚጋፋበት መንገድ ጥቂት ርምጃ ፈቀቅ እንዳልን መሬቱ በድንገት ተቆረጠ፤ ውሃው ከገደሉ ግርጌ ጠቆር ብሎ ተኝቷል። ጥልቀቱ እስከ 87 ሜትር ይደርሳል። ዘመዶቼ በኩራት ካሳዩኝ ፎቆች ብዙዎቹ እዚህ ቢገቡ ጣሪያቸው አይታይም።

እነዚህን ጉድጓዶች የቆፈረው እሳትና ውሃ ነው። ከምድር ውስጥ ወደ ላይ የሚገፋ ቅልጥ ዓለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፤ ያ እንፋሎት መሬቱን ፈንቅሎ ይፈነዳል። በስምጥ ሸለቆው ዳር ይህ ደጋግሞ ስለደረሰ ቢሾፍቱ፣ ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያ፣ አረንጓዴና ኪሎሌ ሐይቆች ጎን ለጎን ተወለዱ። ጉድጓዶቹ ክብ፣ ግድግዳቸው ገደላማ ነው። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን መውጫ ወንዝ የሌላቸው መሆኑ ነው። ዝናቡም፣ ጎርፉም፣ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያም፣ ከቤት የወጣው ፍሳሽም አንዴ ከገባ የሚሄድበት የለውም።

አስጎብኚው በዚህ ወቅት ዓሣ አጥማጆች ሐይቁን በሥጋት እንደሚያዩት ነገረኝ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ሲበርድ የላይኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ወደ ታች ይወርዳል። ከሥር ለወራት አየር ሳያገኝ የቆየው ውሃ ደግሞ ወደ ላይ ይመጣል። መቀላቀሉ ኃይለኛ በሆነበት ዓመት ዓሣው ታፍኖ ይሞትና ማለዳ ላይ ነጭ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ተመራማሪዎች ይህን ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ ጽፈውታል፤ የዳርቻው ሰው ደግሞ ከእነሱ በፊት ያውቀዋል። ይህን ስሰማ አንድ ነገር ገባኝ፦ ሐይቅ በጎጥ የሚከፈል ነገር አይደለም። ከላይ ያለው ከታች ካለው፣ የወዲህ ዳር ከወዲያኛው ዳር ጋር አንድ ሆኖ ይኖራል፤ ሲታመምም በአንድነት ነው።

ቀጥሎ ባቦጋያ ሄድን። ውበቱን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ውሃው ሰማያዊ ነው፣ ዳርና ዳሩ በአበባ ተሸፍኗል፣ ዓሣ የሚያድነው ንስር ከዛፍ ላይ ሆኖ ይጮኻል። ውበቱን ያየሁት ግን በሆቴል በር ገብቼ፣ ከፍዬ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። በመኪና ዙሪያውን ስንዞር ከመንገዱ የሚታየው ግንብና የብረት በር ሆነብኝ፤ ሆቴል፣ ቪላ፣ ደግሞ ሆቴል። በመካከሉ በቀረች ቀጭን ክፍተት ውሃው ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

«ዋና የተማርኩት እዚህ ነው እትዬ» አለኝ አስጎብኚው። «ከትምህርት ቤት ስንወጣ ልብሳችንን ድንጋይ ላይ እንጥልና እንገባለን። ማንም ወዴት አይለንም ነበር። አሁን እንደርስዎ ያለ እንግዳ ይዤ ስመጣ በሩ ይከፈትልኛል። ብቻዬን ከመጣሁ ግን ጥበቃው ማንን ፈልገህ ነው ይለኛል።»

በምሬት አልነበረም የተናገረው፤ ለዚህም ይሆናል ልቤን የነካው። ሆቴሎቹ ለከተማዋ እንጀራ መሆናቸውን እሱም ያውቃል፣ እኔም አይቻለሁ። አስተናጋጆቹ፣ አትክልተኞቹ፣ ጀልባ ቀዛፊዎቹ የሠፈሩ ልጆች ናቸው። ተራቁቶ የነበረ ገደል ላይ ዛፍ የተከሉም አሉ። ሆኖም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የሕዝብ የሆነ ውሃ በሕዝቡ ልጅ ዓይን ፊት በግንብ ሲጋረድ፣ ሕግ ባይጣስ እንኳ አንድ ነገር ጎድሏል።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጥተን በአቧራ መንገድ ወደ አረንጓዴ ሐይቅ አቀናን። እዚህ ሆቴል የለም፤ ከብት የሚጠብቁ ልጆችና ነፋስ ብቻ። ውሃው ስሙን የሚመስል ነው፤ ስፒሩሊና የተባለው ደቂቅ ዘአካል ሞልቶት እንደ ወፍራም ቀለም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪው ታሊንግና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት በዚህ ሐይቅና በኪሎሌ የለኩት የፎቶሲንተሲስ መጠን በተፈጥሮ ውሃ ላይ ከተመዘገቡት ከፍተኛዎቹ አንዱ ነበር። በልጅነታችን የትምህርት ቤት መጽሐፍ ስለ ሰሜን አውሮፓ ሐይቆች ሲያስተምረን፣ ሳይንቲስቶች ከሩቅ አገር መጥተው የሚደነቁበት ውሃ በአውቶቡስ ከምንደርስበት ቦታ ነበር። ቀያይ ፍላሚንጎዎች በዳርቻው ተሰልፈው ራሳቸውን ደፍተው ይመገባሉ።

የኪሎሌ ታሪክ ግን ያሳዝናል። እሱም እንደ አረንጓዴ ጨዋማና ወፍራም አረንጓዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ለመስኖ ተብሎ የሞጆ ወንዝ ወደ ሐይቁ ተጠለፈ። ጨዋማነቱ በፍጥነት ቀነሰ፤ ስፒሩሊናው ቦታውን ለሌሎች ደቂቅ ዘአካላት ለቀቀ፤ በስፒሩሊናው የሚኖሩት ወፎችም ምግባቸውን አጡ። ቦዩን የቆፈሩት ሰዎች ክፋት አልነበራቸውም፤ ማሳ ማጠጣት ነበር የፈለጉት። ነገር ግን ሐይቁ በሺህ ዓመታት የደረሰበትን ሚዛን አንድ ቦይ በጥቂት ዓመታት አፈረሰው። መውጫ የሌለው ውሃ የሚደረግበትን ሁሉ ይዞ ይቀራል።

ከከተማዋ ጥግ ያለው ጨለለቃ ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ወፎች በኅዳር የሚያርፉት እንዲህ ባለ ረግረግ ነው። ላሞችና ዳክዬዎች በአንድ ሜዳ ውለው አየሁ። ሆቴል የሚያሠራ ገደል ስለሌለው እስካሁን ለእነሱ ቀርቷል፤ ነገር ግን የደረቀ ጊዜ ሜዳ ስለሚመስል ነገ ለቤት መሥሪያ ይታሰባል ብዬ ሠጋሁ።

ሆራ አርሰዲ የደረስነው ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። እዚህም በአፋፉ ላይ ሆቴል አለ። ወደ ውሃው የሚወስደው የኢሬቻ መስክ ግን ክፍት ነው፤ ግንብም፣ ወዴት ነህ የሚል ጥበቃም አላየሁበትም። ተማሪዎች ከዛፍ ሥር ያጠናሉ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ አንዲት እናት ልጃቸውን በውሃው ዳር ይዘው ቆመዋል። በየዓመቱ ክረምቱ አልፎ፣ ከመስቀል በኋላ፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ነጭ ለብሶ ለኢሬቻ ምስጋና እዚህ ይወርዳል። አባ ገዳዎች ይመርቃሉ፤ ሰዉ እርጥብ ሣርና አበባ ውሃው ውስጥ እየነከረ፣ ከክረምቱ ጨለማ ወደ ብርሃን ያሸጋገረውን ዋቃ ያመሰግናል። በዚሁ መስክ መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ለምስጋና የወጡ ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ሕዝቡ ሐዘኑን ይዞ በዓመቱ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህም መምጣቱን አልተወም።

ከአፋፉ ላይ ዝቋላ በትክክል ይታያል። ተራራው 2,989 ሜትር ይደርሳል፤ አናቱ ላይ እንደ ቢሾፍቱዎቹ ሁሉ እሳተ ገሞራ የተወው ጉድጓድ አለ፣ ጉድጓዱም ሐይቅ አለው። ያ ሐይቅ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ዘንድ የተቀደሰ ነው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ምእመናን ከየአገሩ በእግር ይወጡታል፤ ድሃውም ባለጸጋውም እኩል አቀበቱን ይገፋል፣ እኩል ጠበል ይጠጣል።

እዚያ ቆሜ ቀኑን ሙሉ ያየሁት ነገር ተገጣጠመልኝ። ሰው ሁሉ የሚሄድባቸው ሁለቱ ውሃዎች በዓል ያላቸው ናቸው። ሆራን ክፍት ያደረገው ኢሬቻ ነው፤ ዝቋላን የጠበቀው ገዳሙ ነው። አንዱ የዋቃ ምስጋና ነው፣ ሌላው የክርስቲያን ንግሥ፤ ሁለቱም ግን «ይህ ውሃ የሁላችን ነው» የሚለውን ነገር በየዓመቱ በእግር ሄደው ያድሱታል። ባቦጋያ ግን በቀጠሮ ተሰብስቦ የሚያስታውሰው ሕዝብ የለውም፤ ስለዚህ ዳርቻው ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ሲሄድ የሚጮህለት አልተገኘም።

ይህን የምጽፈው በተለይ እንደ እኔ ከውጭ ለሚመለሱ ወገኖቼ ነው። ከእኛ ብዙዎች አገር ቤት ስንመጣ የምንመኘው ሐይቅ የሚያይ ቦታ ነው። ለናፍቆታችን ካሣ ይመስለናል። የምንይዛት እያንዳንዷ ቦታ ግን ግንብ ትፈልጋለች፤ ግንቡም ዋና ከሚማር ሕፃንና ከውሃው መካከል ይቆማል። የናፈቅነው ሐይቅ ክፍት ስለነበረ ነው የናፈቀን። አባቴ ደመወዝተኛ ነበር፤ ሐይቅ ዳር ቦታ አልነበረውም። ልጆቹን በሐይቅ ዳር ያሳደገው ዳርቻው የማንም ስላልነበረ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቢሾፍቱ አካባቢ ግዙፍ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ለመገንባት ተነሥቷል። ነገ ከውጭ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚያየው የእነዚህን ሐይቆች አገር ይሆናል፤ የቦታው ዋጋም ይጨምራል፣ አጥሩም ይበዛል። ስለዚህ ጊዜው አሁን ነው። ከቀሩት ሐይቆች ቢያንስ በአንዱ ዙሪያ፣ ከውሃው አፍ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ማንም ሳይከፍል የሚራመድበት የእግር መንገድ ይከለል። ሆቴሎቹ ከመንገዱ ጀርባ ይሁኑ፣ ፍሳሻቸውም ሳይጣራ ወደ ውሃው አይውረድ። እኛ ከውጭ የምንመጣው ለግንብ የምናወጣውን ገንዘብ ለዚያ መንገድ እናዋጣ፤ ለዛፍ ችግኝ፣ ለማረፊያ ድንጋይ፣ ዋና ለሚያስተምር ሰው። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ከከተማው ልጆች ጋር ሆነን ዙሪያውን እንሂድ። ሆራንና ዝቋላን የጠበቃቸው በየዓመቱ ወደ እነሱ የሚሄድ ሕዝብ ነው፤ ባቦጋያም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።