የባሌን መንገድ ማን ጠረገው?

ከዲንሾ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ወይብ ሸለቆ የሚወጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚፈልገው ምልክት ነው። ቀስት፣ ቁጥር፣ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ቀረ» የሚል ሰሌዳ። የለም። ሣሩ ላይ አምስት ስድስት ሆነው ጎን ለጎን የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ነው ያሉት። ከፊት ድንኳኑንና ስንቁን ጭኖ ፈረሱን የሚነዳው ልጅ መስመሮቹን ዞር ብሎም አያይ፤ ሲወለድ ጀምሮ ያውቃቸዋል። የጠረጋቸው የከብትና የፈረስ ኮቴ ነው።

ከፓሪስ ብዙም ሳይርቅ ፎንቴንብሎ የሚባል ጫካ አለ። የአሸዋ ድንጋይ ቋጥኝና ነጭ አሸዋ የሞላበት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840ዎቹ ክሎድ ፍራንሷ ዴንኩር የሚባል የናፖሊዮን ወታደር የነበረ ሰው ዛፉና ድንጋዩ ላይ ሰማያዊ ቀለም እየቀባ መንገድ አወጣበት፤ መጽሐፍም አሳትሞ ሸጠ። ለሽርሽር ተብሎ ምልክት የተደረገበት የመጀመሪያው የእግር መንገድ እሱ ነው ይባላል። ቀጥሎ ባቡር ገባ፣ የከተማው ሰው ጎረፈ። ዛሬ «የእግር ጉዞ ቱሪዝም» ስንል በአእምሯችን ያለው ያ ሥዕል ነው፦ መጀመሪያ ባዶ ጫካ፣ ከዚያ መንገድ፣ ከዚያ ጎብኚ።

ባሌ በዚህ ሥዕል ውስጥ አይገባም። ባዶ ሆኖ አያውቅማ።

ወይብ ሸለቆ ውስጥ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፊንጫ ሐበራ የሚባል የድንጋይ ጥላ አለ። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመራማሪዎች ቡድን ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እየተመላለሱ እዚያ ኖረዋል። እሳት አንድደዋል፤ መሣሪያ የሚሠሩበትን ባልጩት ከዚያም ከፍ ካለው ተራራ አምጥተዋል። ምግባቸው በአብዛኛው ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ነበር፤ እየጠበሱ ይበሉት ነበር። በዚያ ዘመን ከበላያቸው ያለው ተራራ በረዶ ለብሷል። እስካሁን በዓለም ከታወቁት የከፍተኛ ተራራ መኖሪያዎች ከቀዳሚዎቹ አንዱ ይኸው ነው። ዛሬ የሚያልፈው እንግዳ ግን ጥላው ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሣና ይቀጥላል፤ የቆመበትን ቦታ ታሪክ የሚነግረው አስጎብኚው ካልሆነ ማንም የለም።

ከዚያ ወደ ራፉ ሲወጣ መልክዓ ምድሩ ይለወጣል። የጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ፣ ተሰነጣጥቆ፣ በዝናብና በውርጭ ተበልቶ ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ ቆሟል። ፈረንሳዩ ቋጥኝ የተጠራቀመ አሸዋ ነው፤ ይህኛው የተጋገረ እሳት ነው። ሳነቴ አምባ ላይ ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ አለ። ትልልቅ ድንጋዮች ሰው የደረደራቸው ይመስል በረጃጅም መስመር ተዘርግተዋል። ሥራው የብርድ ነው፤ በበረዶ ዘመን መሬቱ እየረጋና እየቀለጠ ድንጋዩን ከአፈሩ ለይቶ አሰለፈው። በመካከሉ ጅብራው ብቻውን ቆሟል፤ በስተጀርባ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ አለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው።

በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው ባሌ ነው። የሚበላው ፍልፈልና አይጥ ነው። የሚገድለው ግን በአብዛኛው ረሃብ ወይም ጠመንጃ አይደለም፤ ከብት ተከትሎ የሚወጣው የእረኛ ውሻ የሚያመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በሽታው ወይብ ሸለቆ ሲገባ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። ወደ ሌላው የተራራው ክፍል እንዳይዘልቅ የገታው በሥፍራው የተሰማራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ያካሄደው ክትባት ነው።

እንግዲህ መንገዱን የጠረገው ያው እረኛ ነው፤ ውሻውን ያመጣውም ያው እረኛ ነው። ስለ ባሌ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይመርጣል። አንዱ ወገን «ሰዉና ከብቱ ከፓርኩ ይውጣ» ይላል። ሌላው «ፓርክ የፈረንጅ መዝናኛ ነው፣ ለድሃው ምን ጠቀመው» ይላል። ሁለቱም አባባሎች ቡና ቤት ተቀምጦ ለመናገር ይመቻሉ።

መስከረም 2016 ዓ.ም. የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሪያድ ላይ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ሮቤና ጎባ ደስ አላቸው፤ ይገባቸዋልም። ሆኖም በምዝገባው ሂደት ከፓርኩ ውስጥ ያለው ሰፈራ፣ ግጦሽና እርሻ እንደ ስጋት ተነሥቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ «ማን ይነሣ» ብቻ ሆኖ ከቀረ ጥያቄው ከሥሩ ተበላሽቷል። የባሌ ከብት አርቢ ጎዳንቱ የሚለው የቆየ ሥርዓት አለው፤ ከብቱን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ጫካ ያዘዋውራል፣ ሆራ ያጠጣል። ያ ሥርዓት ተራራውን በተራ ያሳርፈው ነበር። ዓመቱን ሙሉ እዚያው የሚቀመጥ ጎጆና የሚታረስ ማሳ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል «ሰፋሪ» ብሎ መጥራት ስንፍና ነው። ወቅት ጠብቆ ለሚመጣው ግጦሽ ከሽማግሌዎች ጋር ቀንና ቦታ ቆርጦ መስማማት ይቻላል፤ ማሳ እያሰፋ አስታውን ለሚያቃጥለው ግን «ባህል ነው» የሚል ሽፋን መስጠት አያስፈልግም።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ ሐረና ነው። በሽበት የተሸፈነው አስታ፣ ቀጥሎ ቀርከሃው፣ ከዚያ ሲወረድ ጥቅጥቁ ጫካ። ሪራ ላይ ቤቱ ከቀርከሃ፣ ቀፎው ከዛፍ ላይ ነው። ወደ ደሎ መና ሲቀርቡ ማንም ያልተከለው ቡና ከትልልቁ ዛፍ ሥር ይለቀማል። እዚህ ጫካውን በማኅበር ተረክበው የሚጠብቁ ገበሬዎች አሉ። የሚጠብቁት ስለ ብዝኃ ሕይወት ስብከት ሰምተው አይደለም፤ ዛፉ ከሌለ ቡናው ጥላ፣ ንቡም አበባ እንደማያገኝ ስለሚያውቁ ነው። ጥቅሙ በዓይን ይታያል።

ላይኛው ተራራ ላይ የዚህን ያህል የሚታይ ጥቅም የለም። ያለው የጎብኚው ገንዘብ ነው፦ የአስጎብኚ፣ የፈረስ፣ የምግብ አብሳይ፣ ዕንጨት የሚያቀርብ። ኮቪድና የጸጥታው ችግር ተከታትለው ሲመጡ ያም ደረቀ። ተራ ጠብቆ ፈረሱን የሚያከራይ ሰው ተራው ካልደረሰው አማራጩ ግልጽ ነው፤ አንድ ላም ይጨምራል። ከላሟ ጋር አንድ ውሻ ይጨምራል።

ስለዚህ አዲስ ሎጅ ከመመረቁ፣ አዲስ ሰሌዳ ከመተከሉ በፊት ሁለት ቁጥሮች በየዓመቱ በይፋ ቢነገሩ መልካም ነበር። ከመግቢያ ክፍያው ስንቱ ብር ለዲንሾና ለሪራ ቀበሌዎች ደረሰ? ስንት ውሻ ተከተበ? ሁለተኛው ለሚኒስትር መግለጫ የሚመች አይደለም፤ ሪባን አይቆረጥበትም። ከታቢዎቹ ግን ዛሬም በፈረስና በእግር፣ ድንኳን ይዘው፣ ከጎጆ ጎጆ እየዞሩ ነው የሚሠሩት። የሚሄዱበትም መንገድ ያው ኮቴ የጠረገው ነው።