ዋጋ ስለ ተከፈለበት ነገር

ገንዘብ የወጣበትን ነገር መጣል ለሰው ሁሉ ይከብደዋል። ብራስልስ በምትኖረው ልጄ ቤት፥ የአገሩ ሰዎች «ሙል» የሚሉትን ባለጥቁር ዛጎል የባሕር እንስሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀቀልን። ይህ ምግብ ወደ ድስት የሚገባው በሕይወት ሳለ ነው፤ ስለዚህ አፉን ከፍቶ የተገኘውን በጣት ያንኳኩታል። ሕያው እንደ ሆነ ይዘጋል፤ የማይዘጋው ግን የሞተ ነውና ይጣላል። የልጅ ልጄ፥ «አባባ፥ የተገዛውን ለምን ትጥለዋለህ?» አለኝ። «ለአንዱ ስንሳሳ ሁላችን እንዳንታመም ነው» አልሁት። የቀረውን ከሽንኩርት ጋራ ከድነን ብንቀቅለው፥ በ5 ደቂቃ ያህል ዛጎሉ ተከፈተ፤ ራታችንም መልካም ሆነ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ብዙ ዘመን የደከምህበት ልማድ ወይም ባልንጀርነት ጐጂ መሆኑን መርምረህ ካወቅህ፥ ስለ ድካምህ ብለህ አታቆየው። የከፈልኸው አይመለስም፤ የቀረው ዘመንህ ግን ገና በእጅህ ነው።