ከመሃል ጀምር ስለው

ሐይቅ አካባቢ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል መምህርነት ካሳለፍኳቸው ዓመታት የያዝኩትን ልንገራችሁ።

የኅብረት ንባብ ልጅ ይደብቃል። ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲያዜም ክፍሉ ሁሉ የሚያነብ ይመስላል። አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ገጹን ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። አንድ ቀን ከመሃል ጀምር ስለው ዝም አለ። ጣቱ «ሰላም» ላይ ነበር። «ለ... በ...» ብሎ ቀና አለ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ለካ ሲያነብ የኖረው በጆሮው ነው። እኔ ግን በጓደኞቹ ፊት ሰነፍ አልኩት። ያ ቃል ዛሬም ያንገበግበኛል።

የቀደሙት የኔታዎች በቃል መያዝና ማንበብ የተለያዩ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ሀሁን ያወጣ ልጅ ወደ አቡጊዳ የሚሻገረው ለዚህ ነው፤ ተራው ሲለወጥ በቃሉ የያዘውና ፊደሉን የለየው ይታወቃሉ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ አገር እየኖርኩ ይህን ዘግይቼ ማስተዋሌ ይቆጨኛል። አሁን መስከረም ላይ ፊደላቱን በካርቶን ቁራጭ ጽፌ፣ ቀላቅዬ፣ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስነብባለሁ።

ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር የዓይን ሕመም አይደለም፤ የአእምሮ ድክመትም አይደለም። የሚያስቸግረው የቃሉን ድምፆች ነጣጥሎ ከምልክታቸው ጋር ማጋባት ነው። ፊደላችን ድምፁን ስለማይለዋውጥ ያግዛል። ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ነ ከኘ የሚለየው አንዲት ጭረት ናት። መጥበቅና መላላት ደግሞ አይጻፍም፤ «አለ» ተናገረ ማለት ይሁን ይገኛል ማለት፣ ልጁ ከዐረፍተ ነገሩ ማውጣት አለበት። ስለዚህ በቀን ከሁለት ፊደል በላይ አልሰጠውም፤ ድምፁን እያሰማ አሸዋ ላይ በጣቱ ይጽፋል።

የዘገየ ሁሉ ዲስሌክሲያ የለበትም። በ2012 ኮሮና፣ በ2014 ጦርነቱ ትምህርት ቤት ዘግተውብናል። ትምህርት ያመለጠው ልጅ በደንብ ሲደገፍ ቶሎ ይነሣል፤ ሌላው እየተደገፈም ፊደሉ ላይ ይያዛል። ዓይንና ጆሮውን ማስመርመር ግን ከሁሉ ይቀድማል።

የዚያን ተማሪዬን እናት አስጠርቼ ሳነጋግራቸው «አባቱም እንዲሁ ነበር መምህር፤ ፊደል እምቢ ሲለው ታንኳ ይዞ ሐይቁ ላይ ቀረ» አሉኝ። ችግሩ በዘር ይወርዳል። «አብሽሩ፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለም» ስላቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

የሚያውቀውን በአፉ ጠይቁት። በሳይንስ ፈተና ባዶ ወረቀት የመለሰው ይኸው ልጅ፣ ዓሣ በስንጥቡ እንዴት እንደሚተነፍስ በቃሉ ሲያስረዳን ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማው፤ ከአባቱ ጋር ስንት ዓሣ ከፍቶ አይቷል! በ1896 እ.ኤ.አ. ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ፐርሲ ስለሚባል የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። የገዛ ስሙን አዛብቶ የጻፈው ይህ ልጅ፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ከትምህርት ቤቱ አንደኛ እንደሚሆን መምህሩ መስክረውለታል።

ተማሪዬን ሳይዘጋጅ ጮክ ብለህ አንብብ አልለውም። የነገውን አንቀጽ ዛሬ እሰጠዋለሁ፤ ከእህቱ ጋር ተለማምዶ ይመጣል።

አሁን አምስተኛ ክፍል ነው። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ ቀስ ብሎ ያነባል። ለስድስተኛ ክፍል ፈተና ጥያቄ የሚያነብለት ሰው እንዲመደብ ከርእሰ መምህሩ ጋር ደብዳቤ ጽፈናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።