ስለ አሮጌ የናፍታ መኪናና ስለ ዓባይ በረሃ መንገድ

ዕቃ መግዛት የገንዘብ ሥራ ነው፤ ዕቃን ጠብቆ ማኖር ግን የትጋት ሥራ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው አዲስ መኪና ባንድ ቀን ገዝቶ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል፤ ያንኑ መኪና ሠላሳ ዓመት ከመንገድ ሳይወጣ ለማቆየት ግን ዕውቀትና ትዕግሥት፣ ከዚህም ጋር የጸና ሥርዓት ያስፈልጋል። ባገራችን መኪና ያንድ ሰው መቀመጫ ብቻ አይደለም፤ እህል ወደ ገበያ፣ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት፣ ሙሽራ ወደ ሠርግ ቤት የሚደርስበት የቤተ ሰብ ሀብት ነው። ስለዚህ ስለ አንድ አሮጌ የናፍታ ፒክአፕ አጠባበቅና እርሱ ስለ ሄደበት መንገድ ጥቂት ብጽፍ ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪዎች የማይጠቅም ነገር አይመስለኝም።

ነገሩ በዛሬ ጊዜ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ አገር በሚገቡ ያረጁ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ እስከ 500 ከመቶ አደረሰው። በሐምሌ ወር 2014 ዓ.ም መንግሥት ለነዳጅ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ጥቂት በጥቂት ማንሣት ጀመረ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ በእጁ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያንኑ ይጠብቅ እንጂ በቶሎ ሌላ አገኛለሁ ብሎ አይመካ።

አሁን የምናገርለት መኪና ሟቹ አባታችን በ1984 ዓ.ም የገዙት ባለ አንድ ጋቢና ቶዮታ ሂሉክስ ነው። አባታችን በ2008 ዓ.ም ባረፉ ጊዜ ዘመዶች ተሰብስበው መኪናው ይሸጥና ገንዘቡ ለወራሾች ይከፈል አሉ። ነገር ግን ታላቅ እኅታችን ባሏ የሞተባት፣ በምሥራቅ ጎጃም በሉማሜ ከተማ አራት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናትና፣ ኑሮዋ በዚሁ መኪና ጤፍ እያመላለሰች በምታገኘው ኪራይ ነበረ። መኪናው ቢሸጥ ለያንዳንዳችን የሚደርሰው ገንዘብ ያንድ ዓመት ቀለብ አይሆንም፤ የርስዋ ልጆች ግን ከትምህርት ይወጣሉ። በዚህ ምክንያት ሽማግሌዎቹ «መኪናው ሁለት ዓመት ይቆይ፤ ወጪውን ራሱ የቻለ እንደ ሆነ ለእኅታችሁ ይጽና፤ ባለ ዕዳ ያደረጋት እንደ ሆነ ግን ይሸጥ» ብለው ፈረዱ። ሁለቱ ዓመት ሊፈጸም ጥቂት ወራት ሲቀረው መኪናው ኀይል አጥቶ፣ ጥቁር ጢስ እየተፋ አዲስ አበባ ገባ።

የናፍታን ሞተር ጠባይ ያላወቀ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያፈሳል። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው መሐንዲስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያሳየው ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ አያስፈልገውም። አየር በሲሊንደሩ ውስጥ፣ በኛ መኪና ሃያ እጥፍ ያህል፣ ሲጨመቅ እጅግ ይግላል፤ ናፍታው በፖምፓ ተገፍቶ እንደ ጉም ሲረጭበት በዚያ ግለት ብቻ ይነዳል። ስለዚህ የዚህ ሞተር ሕይወት በሦስት ነገር ላይ የቆመ ነው፤ በንጹሕ አየር፣ በንጹሕ ናፍታ፣ በንጹሕ ዘይት። ፖምፓው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍታው ነውና ውሃ የተቀላቀለበት ነዳጅ ይፈጀዋል። ጢሱም ለሚያስተውል ሰው እንደ ደብዳቤ ይነበባል፤ ጥቁሩ አየር ማነሱን ወይም ናፍታ መብዛቱን፣ ሰማያዊው ዘይት መቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጢስም ናፍታው ሳይነድ መውጣቱን ወይም ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ይናገራል።

መለዋወጫ ፍለጋ ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ሄድን። ይህ ሰፈር የመኪኖች መካነ መቃብር ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሙታን የሚነሡበት መቃብር ነው። በየሱቁ ደጃፍ በርና መብራት ተሰቅሏል፤ ካምቢዮና ዲፈረንሲያል እንደ ድንጋይ ካብ ተደርድሯል፤ መሬቱም ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ገዢው የተበላሸውን ዕቃ በእጁ ይዞ ካልሄደ በቀር የሚመስል እንጂ የሚገጥም አያገኝም። ቋንቋውም ራሱ ታሪክ ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ጎሚስታ የሚባለው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም ተሸንፎ ወጣ፤ ቃሉ ግን በመካኒኮቻችን አፍ ቀርቶ ያገራችን ቃል ሆነ።

በዚያ ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ የሰጡን ምክር ብዙ ገንዘብ አተረፈልን። «ልጄ፤ ብረት ከሆነ ከተፈታ መኪና የወጣውን ኦርጅናል ግዛ፤ ቺንጋና ላስቲክ፣ ፊልትሮም ከሆነ ግን አዲስ ግዛ። የብረት ርጅና ይታያል፤ ላስቲክ ግን ሳይታይ ይበጠሳል» አሉኝ። ፖምፓው ይለወጥ የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ እርሳቸው ግን አስቀድመው የአየሩን ማጣሪያ ፈትተው አዩ። የጤፍ እብቅና ያውድማ ትቢያ ዘግቶት ኖሯል። ማጣሪያው ተለውጦ ኢንጀክተሮቹም ተጠርገው በተፈተኑ ጊዜ ጥቁሩ ጢስ ጠፋ። ቫልቮቹን የሚያዘው የውስጥ ቺንጋ 100,000 ኪሎ ሜትር አልፎት ስለ ነበረ እርሱም ተለወጠ፤ እርሱ በመንገድ ላይ የተበጠሰ እንደ ሆነ ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩ ይጠፋልና። የማራገቢያውም ቺንጋ በአዲስ ተተካ።

የወጪው ሥርዓት እንዲህ ነበረ። እኅታችን አንድ መዝገብ ከፍታ በግራው ገጽ ኪራዩን፣ በቀኙ ገጽ ወጪውን፣ ከቀኑም ጋር የተሄደውን ኪሎ ሜትር ታስጽፍ ነበር። ከያንዳንዱ ኪራይ አንድ አሥረኛው ሳይነካ በሣጥን ይቀመጣል። ከሣጥኑ በቅድሚያ የሚከፈለው ለፍሬን ነው፤ የሰው ሕይወት በርሱ ላይ ነውና። ቀጥሎ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ለዘይትና ለዘይት ማጣሪያ፤ ከዚያም ለናፍታ ፊልትሮ፣ ለጎማና ለባሌስትራ ይከፈላል። ቀለምና ጌጥ፣ ራዲዮም የመጨረሻውን ስፍራ ይይዛሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ምሳሌ ለመኪና የተነገረ ይመስላል፤ በጥቂት ብር የሚገዛ የራዲያተር ማኒኮቶ ሳይለወጥ ቀርቶ ሲፈነዳ ቴስታታውን ያሰነጥቃል፤ የቴስታታ ዋጋ ደግሞ የብዙ ወር ኪራይ ይበላል።

በጥር ወር 2010 ዓ.ም እኔና የእኅቴ የበኩር ልጅ ጨውና ቆርቆሮ ጭነን ከአዲስ አበባ ተነሣን። የእንጦጦን ዳገት ወጥተን፣ ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን አልፈን ፍቼ ደረስን። በገብረ ጉራቻ በኩል አድርገን 185 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ ጎሃ ጽዮን ላይ ምድር በድንገት ተከፍታ የዓባይ በረሃ ታየን።

በዚህ ስፍራ መንገዱ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደጀን እንደ ገና ይወጣል፤ ከአፋፍ እስከ አፋፍ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገደሉ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ ነው፤ ከላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከርሱ በታች የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጭቃማ ድንጋይና ጂፕስ፣ ከሥር የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። መካከሉ ልል ስለ ሆነ መሬቱ ይንሸራተታል፤ አስፋልቱም ተሰነጣጥቆ እንደ ማዕበል ይነሣል። ከታች በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 የተከፈተው፣ በገመድ የተወጠረው ድልድይ ከዱሮው ድልድይ አጠገብ ቆሟል።

የሾፌሮች ሕግ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ ይላል። እኛም ሁለተኛ ማርሽ ይዘን፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየገታው ወረድን። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ሸራው ይግልበታል፤ የፍሬኑም ዘይት ይፈላበታል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ቢረገጥ ባዶ ነው። በመንገድ ዳር ተገልብጠው የወደቁት ካሚዮኖች ለዚህ ምስክር ናቸው።

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን እኩሌታ ስንወጣ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ቀረበ። ፀሐይም ልትጠልቅ ነበረ። ልጁ «ጋሼ፤ ደጀን እኮ ቅርብ ነው፤ ቀስ ብለን እንውጣ፤ በበረሃ ከምናመሽ ይሻላል» አለኝ። ፍርሃቱ የተገባ ነበር። እኔም «የሽማግሌዎቹ ቀን ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀረው፤ ዛሬ ቴስታታው የተሰነጠቀ እንደ ሆነ እናትህ ምን ይዛ ትቀርባለች?» አልሁት። ዝም አለ፤ ወርዶም ከጎማው በታች ድንጋይ አደረገ። ሞተሩን ያለ ጭነት ጥቂት አዙረን አጠፋነው፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን አልነካንም፤ በጋለ ጊዜ የሚከፍተው ሰው ፊቱን በፈላ ውሃ ያቃጥላልና።

በዚያ ጨለማ ውስጥ በእጅ መብራት ሲመለከት ምክንያቱን ያገኘው ልጁ ነው። የማራገቢያውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ቢጫነው እጅግ ላልቶ ኖሯል፤ አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያው ጉዞ ይለጠጣልና። የዲናሞውን ቡሎን አላልቶ፣ በእንጨት ገፍቶ ወጠረው፤ መልሶም አጠበቀው። ውሃው ከበረደ በኋላ የጎደለውን ሞልተን ብንነሣ መርፌው ከመካከል አላለፈም። ሉማሜ የደረስነው በእኩለ ሌሊት ነው፤ እኅቴ ፋኖስ አብርታ በደጅ ቆማ ነበረች። ስለኛ ደኅንነት ከጠየቀች በኋላ መኪናውን ዞራ አየችና «እትዬ፣ ደኅና ነው» እስክላት ድረስ አልተቀመጠችም።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው ቀን ተሰብስበው መዝገቡን ገጽ በገጽ ሰሙ። ኪራዩ የአዲስ አበባውን ጥገና ሳይቀር ወጪውን ሁሉ ችሎ ጥቂት ተርፎ ተገኘ፤ መኪናውም ለእኅታችን ጸና። ከአራቱ ልጆች ማንም ከትምህርት አልወጣም። የበኩሩ ልጅ እናቱን እየረዳ በዚያው መኪና ሥራ ያዘ፤ ጉዞ ሳይጀምር ዘይቱንና ውሃውን ይመለከታል፤ ቺንጋውንም በጣቱ ይጫናል።

ይሁን እንጂ አሮጌ ሁሉ ይጠበቅ ማለታችን አይደለም። ሻንሲው የተሰነጠቀ፣ ፍሬኑ የማይጸና፣ ጢሱም ቢታከም የማይጠፋ መኪና ለባለቤቱ ቢያተርፍ እንኳ ለጎረቤት ጉዳት ነውና በጊዜው ሊቆም ይገባዋል። የሚጠገነውን ከማይጠገነው ለመለየት የሚያስችለው ግን መዝገብ ነው። ስለዚህ መኪና ያለው የቤተ ሰብ አስተዳዳሪ ሁሉ ከማናቸውም መለዋወጫ አስቀድሞ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይግዛ፤ ከሁሉ ርካሽ የሆነው የመኪና ዕቃ እርሱ ነው።